ቄስ ጊዳዳ ሶላን፦ ቃሉን በልባቸው ይዘው የሰበኩ አባት

ከእጃጂ በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው መንገድ ወደ ምዕራብ እየዘለቀ ደምቢ ዶሎ ይደርሳል። የፕሬስቢቴሪያን እምነት ሥርዓት በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በዚያች ከተማ ዙሪያ ነው። ሥሩን ካጸኑት አባቶች አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶላን ናቸው።

ጊዳዳ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ ነው። በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ የዓይናቸውን ብርሃን ነሣቸው። እርሻውም እረኝነቱም ለማይሆንላቸው የገበሬ ልጅ የቀራቸው መተዳደሪያ ልመና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ሰዮ መጡ። የኅዳር በሽታ ሕዝቡን የፈጀበት ጊዜ ነበርና ሐኪሙ መልካም አቀባበል አገኙ። ከሕክምናው ጋር ትምህርትና ስብከት ተጀመረ። ዓይነ ሥውሩ ወጣትም ወደ ሚሲዮኑ ተጠጉ።

ሚሲዮናውያኑ ያመጡት ሥርዓት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጄኔቫ በዣን ካልቪን ተቀርጾ፣ እ.ኤ.አ. በ1560 በጆን ኖክስ መሪነት በስኮትላንድ የጸና ነው። ታላቁ የእምነት መግለጫውም እ.ኤ.አ. በ1646 በለንደን፣ በዌስትሚኒስተር ጉባኤ ተዘጋጀ። ስሙ የመጣው ሽማግሌ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚያስተዳድሩት ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች ከቄሱ ጋር ሆነው ነው። ጉዳዩን በሽማግሌ ለሚጨርስ ሕዝብ ይህ አሠራር እንግዳ አልነበረም።

የአምልኮው እምብርት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የሚነበብና የሚሰበክ ቃል ነው። ዓይነ ሥውሩ ጊዳዳ ታዲያ ሌሎች ሲያነቡላቸው በቃላቸው እያጠኑ፣ በሰው እየተመሩ፣ ከመንደር መንደር በአፋን ኦሮሞ ሰበኩ። አብዛኛው ሕዝብ ፊደል ባልቆጠረበት ዘመን፣ በቃል የተያዘው ትምህርት ከተጻፈው ይልቅ ፈጥኖ ደረሰ።

ፈተናው የመጣው በፋሺስት ወረራ ጊዜ ነው። ሚሲዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ የምእመናኑ እረኝነት በአገሬው ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። ጊዳዳ ከማሞ ጮርቃ ጋር ቅስና ተቀብለው መንጋውን ጠበቁ። ባዕዳን ሲሄዱ ትበተናለች የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ሰፍታ ተገኘች።

ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1947 ቤቴል ተብላ ራሷን ቻለች፤ በ1974ም ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ቄስ ጊዳዳ እ.ኤ.አ. በ1977 ዐረፉ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።