ሃኒባልን ያስቆመው በረዶ

ሃኒባል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዝሆን ነው። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሂሳቡ ላይ ነው። የሮን ወንዝን ተሻግሮ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲያመራ 38 ሺህ እግረኛና ከ8 ሺህ በላይ ፈረሰኛ ነበረው። ተራራውን ጨርሶ ጣሊያን ሜዳ ላይ ሲወርድ የቀረው 20 ሺህ እግረኛና ቢበዛ 6 ሺህ ፈረሰኛ ነው። በመሃል ከሮማ ጋር አንድም ትልቅ ውጊያ አልገጠመም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?

ሰውዬው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ247 የተወለደ የካርቴጅ ልጅ ነው፤ የዛሬዋ ቱኒዚያ ማለት ነው። በ9 ዓመቱ አባቱ ሃሚልካር የሮማ ወዳጅ እንዳይሆን አስምሎ ወደ ስፔን ወሰደው። በ26 ዓመቱ የጦሩ አዛዥ ሆነ። በ218 ባሕሩ በሮማ እጅ ስለነበር በእግር ሊሄድባት ተነሳ፤ 37 ዝሆኖችንም ይዞ።

አልፕስን ለመሻገር 15 ቀን ፈጀበት። ሽቅብ ሲወጡ የተራራው ሰዎች ከላይ ድንጋይ እየለቀቁ ፈጇቸው። ጫፍ ሲደርሱ ደግሞ ወቅቱ መሽቶ በረዶ መጣል ጀምሯል። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ ነው የምንለው። የአልፕሱ ግን እንደ ዱቄት እየረገፈ፣ ንብርብር እየሠራ ይከመራል። ጉዱ ያለው እዚያ ንብርብር ውስጥ ነው።

ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱን የመሬት ናዳ ቆርጦት አገኙ። ሃኒባል በጎን ዞሮ ለማለፍ ሞከረ። በቦታው የነበሩትን የጠየቀው ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ የሆነውን ጽፎታል። አዲሱ በረዶ የወደቀው ካምና ሳይቀልጥ በቀረው አሮጌ በረዶ ላይ ነበር። የላዩ ለስላሳ ስለሆነ እግር ወዲያው ይሰምጣል፤ የታችኛውን ጠጣር ሲነካ ግን ሙልጭ ነው። የወደቀው ሰው በእጁና በጉልበቱ ልያዝ ቢል ጭራሽ ተያይዞ ይንሸራተታል። የጭነት ከብቶቹ ደግሞ ለመነሳት ሲታገሉ የታችኛውን ሰብረው ይገቡና ከነጭነታቸው እዚያው ተቸክለው ይቀራሉ።

ፖሊቢየስ ጦሩ በበረዶ ናዳ ተቀበረ አላለም። ግን ዛሬ ተራራ ላይ የሚሄዱ ባለሙያዎች በረዶውን ቆፍረው መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው፦ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ጋር ተያይዟል ወይስ እንዲሁ ተቀምጦበታል? ካልተያያዘ፣ ቁልቁለቱም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ፣ የአንድ ሰው ክብደት ጠቅላላውን ሊያስነሳው ይችላል። በናዳ ከሚያዙት አብዛኞቹ ናዳውን የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው። የተቀበረ ሰው ደግሞ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል።

ሃኒባል እዚህ ጋ አቋራጩን ተወው። ያ ሁሉ ጥድፊያ ያለበት ሰው፣ ስንቁ እያለቀ፣ በረዶውን አስጠርጎ ሰፈረና የተቆረጠውን መንገድ አስጠገነ። ለፈረስና ለጭነት ከብት የሚበቃው በአንድ ቀን አለቀ። ለዝሆኖቹ 3 ቀን ወሰደ፤ በረሃብ ከስተው ወረዱ። ለእኔ የ15ቱ ቀናት ምርጥ ውሳኔ ይሄ ነው። ጉዞውን እስከዚያ ወቅት ያዘገየውም ራሱ መሆኑን ግን አልረሳለትም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ትሬቢያ፣ ትራሲሜኖ፣ በ216 ደግሞ ካኔ ላይ ሮማን ድባቅ መታት። ዝሆኖቹ ግን የዚያኑ ዓመት ብርድ አልቻሉም፤ ከትሬቢያ በኋላ አንድ ብቻ ተረፈ። ረግረጉን በዚያች ዝሆን ላይ ሆኖ ሲሻገር አንድ ዓይኑ ጠፋ። 15 ዓመት ጣሊያን ውስጥ ቆይቶ ሮማን ከተማዋን አልያዘም። በ202 ዛማ ላይ በሲፒዮ ተሸነፈ፣ ተሰደደ፣ በ183 ገደማ ለሮማውያን እጁን ከሚሰጥ ብሎ መርዝ ጠጣ።

መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን 20 ሺህና 6 ሺህ ያስቀረጸው ራሱ ሃኒባል ነው፤ ደቡብ ጣሊያን፣ ላኪኒየም በተባለ ቦታ፣ በነሐስ ሰሌዳ ላይ። ፖሊቢየስ ሄዶ በዓይኑ አይቶታል።