ዊንስተን ቸርችል እና የሆድ ኦፕራሲዮን

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና አልፈው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሄደው ይሆናል። ጎዳናው የተሰየመላቸው ሰው ራሳቸው ሁለት ጊዜ የሆድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቸርችል በ1874 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። ወታደርና ጋዜጠኛ ከሆኑ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1922 ትርፍ አንጀታቸው ታሞ በኦፕራሲዮን ወጣ፤ ገና ሳያገግሙ በተካሄደው ምርጫ የፓርላማ ወንበራቸውን አጡ። በ1940 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ሲያስወጣ በሥልጣን ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

በ1945፣ በ70 ዓመታቸው፣ ብሽሽታቸው ላይ ሄርኒያ (ቡአ) ወጣባቸው። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በቀበቶ ደግፈው ቆዩ። ቀበቶ ግን እንደ መቀነት ሁሉ እብጠቱን ይደግፋል እንጂ የላላውን የሆድ ግድግዳ አይዘጋም። በመጨረሻ በ1947 በኦፕራሲዮን ተጠገነላቸው። በ1951 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1965 በ90 ዓመታቸው አረፉ።

እርስዎም ሆድዎ ስለወጣ ማስተካከል ካሰቡ፣ አስቀድመው ምክንያቱን ይወቁ፦

• ስብ ከሆነ፦ ላይፖሳክሽን ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ይመጣል። ክብደት መቀነሻ ግን አይደለም፤ በአንጀት ዙሪያ ያለውንም ስብ አይነካም።

• ከወሊድ ወይም ከብዙ ክብደት መቀነስ በኋላ የተንጠለጠለ ቆዳና የላላ ጡንቻ ከሆነ፦ ታሚ ታክ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ጡንቻውን ያጠብቃል። የሚመከረው መውለድ ለጨረሱና ክብደታቸው ለረጋ ሰዎች ነው። ትልቅ ኦፕራሲዮን ስለሆነ የደም መርጋትና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ አስቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል።

• ሲያስሉ ወይም ሲቆሙ የሚወጣ፣ ሲተኙ የሚገባ እብጠት ከሆነ፦ ሄርኒያ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ይታዩ። ሳይታወቅ ላይፖሳክሽን ቢደረግ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ በጣም ካመመዎት፣ ካስመለሰዎት ወይም ሰገራና አየር መውጣት ካቆመ፣ አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።