መንገድን ለሠረገላ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

በምዕራቡ ደቡብ ወሎ፥ ከመካነ ሰላም እስከ ተንታ በተዘረጋው ደጋ በመኪና የተጓዘ ሰው፥ አምባው አልቆ ቁልቁለቱ ሲዠምር የሾፌሩ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ሳያይ አልቀረም። ሾፌሩ መኪናውን ለዚህ አገር ብሎ ከፍ አስደርጎት ይሆናል። ይኸውም ሥራ ረዥም ሞላ ከማስገባት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የቀድሞው ሾክ አብዞርበር ከቀረ፥ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሾክ አብዞርበሩ ቶሎ ተወጥሮ ይገታዋል። ረዥሙ በተተካ ጊዜ ደግሞ ሲታመቅም ረዥም ስለሆነ፥ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ከበላይ የተቀመጠው የላስቲክ ጉቶ ሳይነካ ዱላውን እርሱ ይቀበልና ይሰበራል። ስለዚህ ጉቶውም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት። ሞላው፥ ሾክ አብዞርበሩና ጉቶው ካልተስማሙ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

በዚሁ በበሽሎ አገር ግን ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ ሞላ የሌለው ሠረገላ ሰባት ቶን ያህል ተሸክሞ ወርዶ ወጥቷል። ያወረዱትና ያወጡት ንጉሥ ሠረገላውን ለመንገዱ ማስማማት ስላልቻሉ፥ መንገዱን ለሠረገላው አስማሙት። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በዚህ በኩል የተመለከተው ሰው ጥቂት ይመስለናል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ትምህርታቸውን በገዳም ዠምረው፥ በኋላ ሽፍትነትን ከዚያም ጦረኝነትን ያዙ። ለአሳባቸው መነሻ የሆነው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የደረሰባቸው ሽንፈት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚያ ስፍራ በምሽግ የተቀመጠው የግብጽ ጦር መድፍ የካሳን ወታደር እንደ አጨዳ አወረደው። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ ያን ቀን በዓይናቸው አዩ፤ መድፍም ከዚያ ወዲህ ከልባቸው አልወጣም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፥ በዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ወዲያውም ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። የዘመነ መሳፍንቱ ፍጻሜ፥ የወሎና የሸዋ ዘመቻ፥ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤና መልሱ ቢዘገይ የመጣው የእስረኞች ጣጣ ሁሉ በትምህርት ቤት የሚነገር ስለሆነ እናልፈዋለን።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ስፍራ፥ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን በንጉሡ ትእዛዝ አንጥረኞች ሆኑ። ከነዚህ ውስጥ ዋልድማየርና ዛልሙለር ይገኛሉ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልም ከሠራተኞቹ አንዱ ነበር። መድፍ ማቅለጥን ከዚያ በፊት የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ የመዠመሪያዎቹ ሙከራዎችም ከሽፈዋል። በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ተሠራ። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ቢሆኑም፥ አሳቡና ግትርነቱ የንጉሡ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያን ጊዜ ከዚያ ሁሉ ግዛት በእጃቸው የቀረው ጥቂት ነበር። ሸዋ በምኒልክ፥ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፥ ትግሬ በካሳ ምርጫ እጅ ነበረ። የበጌምድርም ገበሬ በጭካኔያቸው ተማሮ ሸሽቶአቸዋል። እንግዲህ ያን መድፍ የሚጎትተው የቀረው ወታደር ነበር።

ነገሩን በቍጥር ብናየው ይሻላል። ሰባት ቶን 70 ኩንታል ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ ሠረገላው እንዳያመልጥ ብቻ 7 ኩንታል ያህል ኀይል ከኋላ መያዝ አለበት፤ ቁልቁለቱ እጥፍ ሲሆን 14 ኩንታል። የመንኰራኵሩ ፍትጊያ ሲወርዱ ጥቂት ይረዳል፤ ሲወጡ ግን ጠላት ነው። ስለዚህ የጅዳን ገደል ቀጥ ብሎ መውረድ የማይታሰብ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ መርዘም፥ ቁልቁለቱ በግማሽ እንዲቀንስም ርዝመቱ በእጥፍ መጨመር አለበት። በመታጠፊያው ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ጎታቾች በአንድ መስመር ሊቆሙ ስለማይችሉ፥ ድንጋዩ ተፈንቅሎ ስፍራው መስፋት ነበረበት። ሞላ በሌለው ሠረገላ ደግሞ አንዲት የተረሳች ድንጋይ የምትሰጠው ዱላ በቀጥታ በአክሱ ላይ ያርፋል።

ንጉሡ ይህን ሁሉ ቆመው ያዝዙ ነበር ማለት አይበቃም፤ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። በቤተ ሖር በኩል አልፈው፥ ጅዳን ወርደውና ወጥተው፥ ደላንታን ተሻግረው፥ በሽሎን ወርደው በመጋቢት ወር ከመቅደላ እግር ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። አንድ ቀላል ጦር ይህን መንገድ በጥቂት ሳምንት ይጨርሰው እንደነበር ግልጽ ነው። ያን ጊዜ በመድፍ ላይ ማጥፋታቸው ብልኅነት ነበር ለማለት አንደፍርም።

በዚሁ ወራት ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ መጣ። ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ጀርባ አስጫነ፤ ዝሆን እንደ ሠረገላ የተደላደለ ጎዳና አይፈልግም። ሆኖም የእንግሊዝ ጦር ከቤተ ሖር ወዲህ ጅዳንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ባስቆፈሩት መንገድ ነበር። ንጉሡ በላባቸው የጠረጉትን ጎዳና ጠላታቸው በሰላም ሄደበት።

ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከፋላ አምባ ቁልቁል የተተኰሱት መድፎች እንግሊዞቹን እምብዛም አልጎዱም፤ ሴባስቶፖልም ለውጊያው የጠቀመው ነገር አልነበረም። የሚወዱት ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ሜዳ ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግሥት፥ የመቅደላ በር ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው። እውነተኛው ሴባስቶፖል ግን ከዚያ ወዲያ የሚያንቀሳቅሰው ሳይኖር፥ ዛሬ አምባ ማርያም በምትባለው በመቅደላ ቀርቷል።