ከመጫወቻ የተማረው መሐንዲስ

በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር የሚሠራ ወጣት፣ ከማስነሣቱ አስቀድሞ ክንፎቿን እየመዘነ ክብደታቸውን እኩል ያደርጋል። አንደኛው ክንፍ ከሌላው ጥቂት የከበደ እንደ ሆነ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን የክብደት እኩልነት ብቻውን አይበቃም፤ ነፋሱ ክንፎቹን የሚያነሣበት ኃይልም መመዛዘን አለበት። ይህን ሁለተኛ ሚዛን በሥራ ያሳየው የእስፓኝ ተወላጅ ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ ነውና፣ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሲዬርቫ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በሙርሲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ እስከ ሚኒስትርነት የደረሱ ሰው ነበሩ፤ እርሱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ልቡ ያዘነበለው ወደ አውሮፕላን ሥራ ነበር። በማድሪድ ምሕንድስና ተማረ። በ1919 ዓ.ም. የሠራው ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን በሙከራ ላይ ሳለ ፍጥነቱ ቀንሶ ወድቆ ተሰባበረ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ቢቀንስም የማይወድቅ መኪና ለመሥራት ቈረጠ።

ይህም አውቶጃይሮ የተባለው ነው። መኪናውን ወደ ፊት የሚስበው ሞተር ሲሆን፣ ከበላዩ ያሉትን ረጃጅም ክንፎች የሚያሽከረክራቸው ግን ነፋሱ ራሱ ነው። ሆኖም ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራቸው ሦስት መኪናዎች ወደ ጎን እየተጋደሉ አስቸገሩት፤ አንዱም በደኅና ሊበር አልቻለም።

በዚህ ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋለ። በላስቲክ ኃይል የምትበረው ትንሺቱ ሞዴል ሳትጋደል ትበር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መጫወቻ ናት ብሎ ባለፋት ነበር፤ እርሱ ግን መረመራት። የታላቁ መኪና ክንፎች ግትር፣ የትንሺቱ ግን እንደ ልምጭ የሚለምጡ ነበሩ። መኪናው ሲበር ወደ ፊት የሚዞረው ክንፍ ብርቱ ነፋስ ስለሚያገኘው አብልጦ ያነሣል፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግን ኃይሉ ይቀንሳል፤ መኪናውም ይገለበጣል። የሚለምጠው ክንፍ ግን ነፋሱ ሲበረታ ከፍ፣ ሲደክም ዝቅ እያለ ኃይሉን ያስተካክላል።

ስለዚህ ሲዬርቫ በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር እንደ በር ማጠፊያ ያለ ማጠፊያ አበጀ። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ማድሪድ አጠገብ በጌታፌ ሜዳ መኪናው ሳይጋደል በረረ። በ1928 ዓ.ም. ራሱ እያበረረ ከለንደን ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ ፓሪስ ገባ።

በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ለንደን አጠገብ ከክሮይደን በጉም የተነሣ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲከሰከስ ከሞቱት አንዱ ሲዬርቫ ሆነ። አውሮፕላን እንዳይወድቅ ሲደክም የኖረው ሰው በ41 ዓመቱ በአውሮፕላን መውደቅ ሞተ። ያበጀው ማጠፊያ ግን ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሄሊኮፕተሮች መንገድ ከፈተ።

በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ታላቁ ሥራ ሲከሽፍ ትንሹ የሚሳካበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ወጣቶቻችን ትንሹን ንቀው ከማለፍ ይልቅ ምክንያቱን ቢጠይቁ፣ ከሲዬርቫ ሕይወት ትልቅ ትምህርት አገኙ እንላለን።