አርኖልድ ቶይንቢ

ታላላቅ መንግሥታት ስለ ምን እንደሚወድቁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ አርኖልድ ቶይንቢ ነው።

ቶይንቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ግሪክንና የሮማን ታሪክ አጠና። ከዚያም ግሪክን በእግሩ ሲዞር በተቅማጥ በሽታ ታመመ። በዚህም ምክንያት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ቀረ፤ አብረውት ከተማሩት ብዙዎቹ ግን በጦር ሜዳ አለቁ። የእነርሱ ሞት ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ አልወጣም።

በ1919 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆነ። የማስተማሪያውን ወንበር በገንዘብ ያቋቋሙት ግሪካውያን ነበሩ። በ1921 ግሪኮችና ቱርኮች ወደሚዋጉበት ወደ አናቶልያ ሄዶ የግሪክ ጦር በቱርክ ሰላማዊ ሰዎች ላይ የፈጸመውን ግፍ ተመለከተ፤ ያየውንም ሳይሸሽግ ጻፈ። ረጂዎቹ ስለ ተቆጡ በ1924 ሥራውን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የጥናት ተቋም የዓለምን ፖለቲካ በየዓመቱ እየመረመረ ይጽፍ ጀመር። ኢጣልያ በ1935፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ አንድ ሙሉ ቅጽ ለዚሁ ጉዳይ መደበ። በዚያም የገዛ አገሩ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለመንግሥታት ማኅበር የገቡትን ቃል አለመጠበቃቸውን አጥብቆ ነቀፈ።

ዋና ሥራው ከ1934 እስከ 1961 በ12 ቅጾች የታተመው «የታሪክ ጥናት» ነው። ቶይንቢ በዚህ መጽሐፍ ከሃያ የሚበልጡ ሥልጣኔዎችን አነጻጽሯል። በእርሱ አስተያየት ሥልጣኔ የሚወለደው ከምቾት ሳይሆን ችግርን ከመቋቋም ነው። ለምሳሌ የሰሐራ ምድር እየደረቀ ሲሄድ አንዳንድ ሰዎች ወደ ዓባይ ረግረግ ወርደው፣ ውሃውን በቦይ ገርተው የግብፅን ሥልጣኔ መሠረቱ። መሪዎች አዲስ ብልሃት መፍጠር ተስኗቸው በጉልበት ብቻ መግዛት ሲጀምሩ ግን ሥልጣኔው ከውስጥ ይፈርሳል፤ የውጭ ጠላት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቶይንቢ ሃይማኖት ከወደቀው ሥልጣኔ ወደሚነሣው መሻገሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር። በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ሥልጣኔዎች ራሳቸው የሃይማኖት ማደጊያ ናቸው አለ።

ብዙ የታሪክ ምሁራን ማስረጃውን ለሐሳቡ እንዲመች መርጧል ብለው ተችተውታል። ትችታቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቶይንቢ በ1975 በ86 ዓመቱ ዐረፈ። እናንተም ሐሳቡን ስትመዝኑ ይህን አትርሱ፤ ሥልጣኔ በገዛ ጥፋቱ ይወድቃል ብሎ ያስተማረው ይህ ሰው የወገኖቹን ጥፋት ከመናገር ወደ ኋላ አላለም።