ሺምፐርና የብሳናዋ ጉንዳን

ከገፈርሳ ግድብ ወደ ቡራዩ በሚወርደው መንገድ ብሳና ያጋጠመው ባልደረባ ቅጠሏን ገልበጥ አድርጎ ይመልከት፤ ቅጠሉ ከዘንጉ በሚጋጠምበት ሥፍራ ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች ያገኛል። ዕጢዎቹ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ ጉንዳንም ይህን ሊልስ ይመላለሳል። ከአበባ ውጭ የሚገኙ እንዲህ ያሉ ዕጢዎች የጥበቃ ደመወዝ መክፈያ እንደሆኑ ይታመናል፤ ቀለቡ ከዛፉ፣ ቅጠል በል ነፍሳትን ማባረሩ ከጉንዳኑ ነው።

በብሳና ሳይንሳዊ ስም ጫፍ የጀርመናዊው ሊቅ የሆችሽቴተር ስም ይነበባል። ይህ ሰው ስም ካወጣላቸው የአገራችን ዕፅዋት አብዛኞቹን ያወቀው ቪልሄልም ሺምፐር ከሰበሰበለት ደረቅ ናሙና ነው።

በ1804 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀርመን ውስጥ የተወለደው ሺምፐር፣ በአልጄሪያና በዓረብ ምድር ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1837 ኢትዮጵያ ገባ። የላከው በኤስሊንገን ከተማ በሆችሽቴተርና በሽቶይደል የሚመራ ማኅበር ነበር፤ አባላቱ መዋጮ ከፍለው የደረቀ ዕፅ ይደርሳቸዋል። ዓድዋን መኖሪያው አደረገ፤ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ከደጃዝማች ውቤም የእንትጮን ግዛት ተሾመ። ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ በካሣ ሲሸነፉ የእርሱም ሹመት አብሮ ጠፋ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ነጻ ከወጡት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ።

ናሙና ከመጫኑ በፊት ቅርንጫፉ ይራገፋል፤ ይህን ያላደረገ ባልደረባ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በወረቀቱ ላይ ዕጢው ይቀራል፣ ጉንዳኑ ግን የለም። በሺምፐር አልፈርድም፤ የሚከፈለው ለቅጠል እንጂ ለጉንዳን አልነበረም።

ጉንዳኑን ያየው ሌላ ሺምፐር ነው። የቪልሄልም የአጎት ልጅ ልጅ የሆነው አንድሬአስ በ1856 ስትራስቡርግ ተወለደ። ብራዚል ሄዶ ግንዱ ውስጡ ባዶ የሆነውን፣ ጉንዳን የሚኖርበትን ሴክሮፒያ የተባለ ዛፍ በቆመበት ሥፍራ መረመረ። ጉንዳን የሰፈረበት ዛፍ ቅጠል ከሚቆርጡ ጉንዳኖች ይድናል፤ ያልሰፈረበት ይጠቃል። በኮርኮቫዶ ተራራ ያገኘው ሌላ የሴክሮፒያ ዝርያ ጉንዳን አልነበረውም፤ ለጉንዳን የሚሰናዳው ምግብም ሆነ ለመግቢያ የሚሳሳው የግንዱ ሥፍራ አልነበረውም፤ የዚህ ዛፍ ግንድ በሰም የተቀባ፣ የሚያንሸራትት ነው። ዛፉና ጉንዳኑ ተደጋግፈው መኖራቸውን ያስረዳው በዚህ ንጽጽር ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1888 ታተመ።

ለዚህ ብራዚል ድረስ መሄድ ባላስፈለገ ነበር። በቦረና ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው ግራር እሾሁን አሳብጦ ለጉንዳን ቤት ይሰጣል፤ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ሲገባ ያፏጫል፤ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ የቀረበም ሳይነከስ አይመለስም። የቪልሄልም አገር ግን ትግራይና ስሜን ነበር።

ወደ እርጅናው ናሙና መላክ ብቻ አልበቃውም። የየቦታውን አፈርና ድንጋይ፣ የዕፅዋቱን የአገሬው ስምና ጥቅም በብዙ ገጽ ጻፈ፤ ጽሑፉ ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በ1878 ዓድዋ ላይ አረፈ። የአንድሬአስ መጽሐፍ ሲወጣ ከሞተ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር።