ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል ጉዞ

ወፍጮ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የጫነ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ በእንጅባራ በኩል ያልፋል። ዕቃው በወፍራም ገመድ ተጠፍሯል፤ ሾፌሩም ዳገቱን በዝግታ ይወጣል። እኛም አይተን ብዙም ሳናስብ እናልፈዋለን። ነገር ግን ከ150 ዓመታት በፊት፣ መኪናም ሆነ አስፋልት ባልነበረበት ዘመን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥቶ መቅደላ አምባ ላይ ወጥቷል። ይህን ያስፈጸሙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የሕይወታቸውም ታሪክ በዚህ ጉዞ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በገዳም ተማሩ። አገሪቱ በመሳፍንት ተከፋፍላ በምትታመስበት በዚያ ዘመን ጥቂት ተከታዮች ይዘው ቆላ ወረዱ፤ ኃይላቸውም እየበረታ ሄደ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጉ ግን የጠላት መድፍ ሰዎቻቸውን ፈጀባቸው። የጀግንነት ልብ ብቻውን መድፍን እንደማይመክት በዚያ ቀን ተረዱ፤ ትምህርቱንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልዘነጉትም። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባና በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥበብን ከውጭ ከመሸመት ይልቅ በአገራቸው ሊያሠሩ ፈለጉ። በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንና ሌሎች የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት አስፍረው የመድፍ ሥራ አዘዟቸው። ሰዎቹ ወንጌል ለማስተማር መጥተው ማቅለጫ ምድጃ ሠሪዎች ሆኑ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሡ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1859 ዓ.ም. ከሁሉ የበለጠው መድፍ ቀልጦ ፈሰሰ። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማም ሴባስቶፖል ተባለ።

ዳሩ ግን መድፉ በተሠራ ጊዜ መንግሥቱ እየፈረሰ ነበር። ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ ምላሽ በማጣቱ ተቆጥተው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረዋል። ሸዋ፣ ላስታና ጎጃም ከእጃቸው ወጥተዋል። ስለዚህ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ።

የአጓጓዙ ዘዴ ለዛሬም ሰው ትምህርት ነው። ንጉሡ ሸክሙን ከማስነሣታቸው አስቀድመው መንገዱን አስጠረጉ። ዐለት በባሩድ ተፈነቀለ፣ ጉድጓድ ተሞላ፤ ራሳቸውም ድንጋይ በማንሣት ከሠራዊቱ ቀድመው ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖልን በዳገት በጠፍር የሚስቡት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በቁልቁለት ደግሞ ሠረገላው እንዳያመልጥ ከኋላ ይዘው ያዘግሙታል። ከሁሉ የከፋው ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርደው የጅዳ ገደል ነበር፤ እዚያም መንገዱን እያጠማዘዙ አወረዱት፤ እንደገናም ወደ ደላንታ አወጡት። ከዚያ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መድፉ አንዳች ሳይጎድልበት ገባ።

በሌላ አቅጣጫ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ይገሰግስ ነበር። እንግሊዞች ከባድ መድፎቻቸውን ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች አሸክመው ነበር። የሚያሳዝነው ነገር ጅዳ ሲደርሱ ዐፄ ቴዎድሮስ በብዙ ድካም ያበጁትን መንገድ ተዘርግቶ አገኙት፤ ተጠቀሙበትም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በእሮጌ ሜዳ 700 ያህል የንጉሡ ወታደሮች ወደቁ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ሴባስቶፖልም አንዳች አልረዳም። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ እጅ ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ውድ አንባብያን፣ እኚህን ሰው በአንድ ቃል መመዘን አይቻልም። ለአገራቸው አንድነትና ጥበብ የነበራቸው ቅናት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በነገሡበት በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1847 ዓ.ም.፣ የጎጃም ተወላጁ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ከንጉሡ ሠራዊት ኋላ እየተጎተቱ በመንገድ ላይ ማረፋቸውንም አንዘነጋም። ለናስ መድፍ መንገድ የጠረጉት ንጉሥ ለሽማግሌው መነኩሴ አልራሩም። የበጌምድር ገበሬም እህሉንና ከብቱን የዘረፈውን ሠራዊት ሸሽቶ ዱር ገባ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከባድ ሸክም በመንገድ እንዳይሰበር መጠንቀቅ መልካም ነው። ዳሩ ግን ዕቃው በደኅና ደርሶ ሸካሚው ከወደቀ ጉዞው ተሳካ አይባልም። በቤታችን፣ በማኅበራችን፣ በትምህርት ክፍላችን አንድ ትልቅ ሥራ ስናነሣ፣ ገመዱን ከመፈተሻችን በፊት የሚስቡትን ሰዎች እንመልከት።